ከመሳላችሁ በፊት ለኩ፦ የዴስክቶፕ ቱልባር ለሚሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት ፕሮግራመሮች፣

መስኮቱ ሲለጠጥ ቱልባሩ፣ ማለትም ከመስኮቱ አናት ላይ ያለው የቁልፎች ረድፍ፣ ባለበት ሲቀር፣ ቁልፎቹ ሲቆረጡ ወይም የቅድሙ ሥዕል ከአዲሱ ጎን ተጋድሞ ሲታይ፣ የብዙ ጀማሪ እጅ የሚሮጠው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ «ሁሉንም እንደገና ሳል» የሚል ትእዛዝ ይጨምራል። አንዳንዴ ችግሩ የጠፋ ይመስላል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ስህተቱ ከእናንተ ስክሪን ይሰወርና ሌላ ሰው ጋ፣ በሌላ የፊደል መጠን ወይም በደካማ ኮምፒውተር ላይ ብቅ ይላል። ያ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ከዚያ ቱልባር ሥር ተክሎ የሚሠራ ነው።

ስለዚህ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ለያይታችሁ ጠይቁ። ቱልባሩ የያዘው ቦታና መጠን ትክክል ነው? ትክክል ከሆነስ፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚታየው ሥዕል የአሁኑ ነው ወይስ የቅድሙ? የመጀመሪያው የልኬት ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የሥዕል። ልኬቱ የተሳሳተ ቱልባር መቶ ጊዜ ቢሳል ቦታው አይቃናም።

ሁለቱን ለመለየት የቱልባሩን ጀርባ ለጊዜው ደማቅ ቀይ፣ ከሥሩ ያለውን የይዘት ቦታ ደግሞ ሰማያዊ አድርጉት። ከዚያ የመስኮቱን ቀኝ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ቀዩ እስከ ጠርዙ ካልደረሰ፣ ወይም ሰማያዊው ቀዩን ከሸፈነው፣ ጥፋቱ የልኬት ነው። ቀዩ ሙሉውን ስፋት ይዞ በላዩ ላይ ያሉት ነገሮች ብቻ ከተዝረከረኩ የሥዕል ነው። ሌላም መፈተኛ አለ። መስኮቱን ወደ ታስክባር አውርዳችሁ መልሱት፤ ሲመለስ ከዳነ መጠኑ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ያረጀው ሥዕሉ መሆኑን ጠርጥሩ። ድሮ ሌላ መስኮት ከላዩ አሳልፎ መፈተን ይቻል ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ሲስተሙ የእያንዳንዱን መስኮት ሥዕል ለብቻ ስለሚያስቀምጥ ያ ዘዴ ብዙም አያሳይም።

ከልኬቱ እንጀምር። በዊንዶውስ መሠረታዊ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዊንዶውስን በሚያዙባቸው ጥሪዎች) የተሠራ ቱልባር ልጅ መስኮት ነው፤ ወላጁ በሆነው በዋናው መስኮት ውስጥ ይኖራል። ዋናው መስኮት ሲለጠጥ መጠን መቀየሩን የሚናገረው «ደብሊውኤም ሳይዝ» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ለዋናው መስኮት ነው እንጂ ለቱልባሩ አይደለም። መልእክቱን ተቀብላችሁ ለቱልባሩ «ቲቢ አውቶሳይዝ» ካልላካችሁለት፣ ሲፈጠር በነበረው ስፋት ይቀራል። ሲላክለት ስፋቱን ከወላጁ፣ ቁመቱን ከቁልፎቹ ወስዶ ራሱን ያስተካክላል። ቁልፍ ስትጨምሩ ወይም የቁልፍ መጠን ስትቀይሩም ይህንኑ መልእክት መላክ አለባችሁ። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ደግሞ የራሳቸውን ስፋትና ቁመት ሰጥተውት ቱልባሩ አለመስማቱ ነው። ቱልባር በተፈጥሮው ከወላጁ አናት ላይ ራሱን ያስቀምጣል፤ ልኬቱን እናንተ መያዝ ከፈለጋችሁ ሲፈጠር «ሲሲኤስ ኖሪሳይዝ» የሚለውን ስታይል ስጡት፣ ከዚያ በኋላ ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለራሳችሁ አታድርጉ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ቱልባሩ ራሱን ያስተካክል፣ ቀጥሎ ከታች ያለው ስታተስባር (የሁኔታ መግለጫው መስመር)፣ ከዚያ የሁለቱን እውነተኛ ቁመት ጠይቃችሁ የተረፈውን ለይዘቱ ስጡ። የቱልባሩን ቁመት 28 ወይም 40 ብላችሁ በኮዱ ውስጥ አትጻፉ። የፊደሉ መጠን የተቀየረ ዕለት ወይም ቁልፎቹ ሁለተኛ መስመር የያዙ ዕለት ይዘቱ ከቱልባሩ ሥር ይደበቃል። ቱልባሩ በሪባር (ቱልባሮችን በውስጡ በሚይዝ ማቀፊያ) ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ እናንተ ሳታውቁ ሊቀየር ስለሚችል «አርቢኤን ሃይትቼንጅ» የሚለውን ማሳወቂያ ተቀብላችሁ ስሌቱን እንደገና አስኪዱ።

መስኮቱ ወደ ታስክባር ሲወርድም «ደብሊውኤም ሳይዝ» ይመጣል፤ የሚሰጣችሁ ስፋትና ቁመት 0 ነው። ከዜሮ ላይ 200 ፒክስል የፍለጋ ሳጥን ስትቀንሱ ኔጌቲቭ ቁጥር ይወጣል፣ መስኮቱ ሲመለስም አቀማመጡ ተበላሽቶ ይመለሳል። መልእክቱ መስኮቱ መውረዱን ከነገራችሁ ምንም ሳታሰሉ ውጡ።

አሁን ወደ ሥዕሉ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

800 ፒክስል ስፋት ያለው፣ እናንተው የምትስሉት ቱልባር አለ እንበል። ከቀኝ ጠርዝ 8 ፒክስል ገባ ብሎ 200 ፒክስል ስፋት ያለው የፍለጋ ሳጥን ተስሏል። ሳጥኑ ከ592 እስከ 792 ይዟል። ተጠቃሚው መስኮቱን ወደ 860 ለጠጠው፤ የሳጥኑ አዲስ ቦታ ከ652 እስከ 852 ሆነ። ዊንዶውስ ግን «ይህ ቦታ አርጅቷል፣ ሳሉት» የሚላችሁ አዲስ ስለተከፈተው ከ800 እስከ 860 ስላለው ቦታ ብቻ ነው። ሙሉ ሳጥኑን ብትስሉም የሚታየው ከ800 በኋላ ያለው ቁራጭ ነው፣ የቀረው ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ አሮጌው ሳጥን እንዳለ ሆኖ ከጎኑ የአዲሱ ጅራት ይታያል። አሁን በተቃራኒው ከ860 ወደ 800 አጥብቡት። አዲስ የተከፈተ ቦታ ስለሌለ የመሳል መልእክት ጨርሶ ላይመጣ ይችላል፤ ሳጥኑ 652 ላይ እንደቆመ 800 ላይ ይቆረጣል። ሲሰፋና ሲጠብ የተለያየ ጥፋት ካያችሁ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ጠርጥሩ።

መፍትሔው የሳጥኑን አሮጌ ቦታ ማስታወስና አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ «አርጅቷል» ብሎ ማስታወቅ ነው። በምሳሌያችን ሲሰፋ ከ592 እስከ 860፣ ሲጠብ ከ592 እስከ 800። ይህን የሚሠራው «ኢንቫሊዴት ሬክት» ነው። ከ592 በስተግራ ያሉት ቁልፎች አልተንቀሳቀሱምና አትንኳቸው። ለመስኮቱ ክላስ «ሲኤስ ኤችሪድሮው» እና «ሲኤስ ቪሪድሮው» ብትሰጡት በየለጠጣው ሁሉንም ያስልላችኋል። ለአንድ አነስተኛ ቱልባር ይህ ተገቢ ነው እላለሁ። ለዋናው መስኮት ከሰጣችሁት ግን ቀጣዩን ችግር ትጋብዛላችሁ።

ቀጣዩ ችግር ብልጭ ድርግም ማለት ነው። ምንጩ አንድ ቦታ ሁለቴ መቀባቱ ነው፤ መጀመሪያ ጀርባው ይጠረጋል፣ ቀጥሎ ቁልፎቹ ይሳላሉ፣ ዓይንም በመካከል ያለውን ባዶ ይይዛል። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ለአንድ ሥዕል ያላችሁ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ለዋናው መስኮት «ደብሊውኤስ ክሊፕቺልድረን» ስጡት፣ በልጆቹ ላይ ጀርባ መቀባቱን ያቆማል። ራሳችሁ በምትስሉት ቱልባር ላይ የ«ደብሊውኤም ኢሬዝ ባክግራውንድ»ን መልእክት 1 መልሳችሁ ዝለሉት፤ ጀርባውንም ቁልፎቹንም በሜሞሪ ውስጥ ባለ ቢትማፕ (ገና ስክሪኑ ላይ ባልወጣ ሥዕል) ላይ ሳሉና በአንድ ቅጂ ወደ ስክሪኑ አውጡት። ጀርባውን ዘልላችሁ በቢትማፑም ላይ ካልቀባችሁት ግን የቅድሙ ቅሪት ይታያል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ብዙ ልጅ መስኮቶችን የምታንቀሳቅሱ ከሆነም አንድ በአንድ ከማንቀሳቀስ በ«ቢጊን ዲፈር ዊንዶው ፖስ» አሰባስባችሁ በአንድ ጊዜ አንቀሳቅሱ።

ቢትማፑን በየሥዕሉ አዲስ አትፍጠሩ፣ መጠኑ ሲቀየር ብቻ ፍጠሩ። የፈጠራችሁትን ብሩሽ፣ ፔንና ቢትማፕ ሁሉ መልሱ። ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮግራም የሚፈቅደው በልማድ እስከ 10,000 የጂዲአይ (የዊንዶውስ የመሳያ ክፍል) ዕቃ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ብሩሽ የሚያፈስ ቱልባር በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሳል ሦስት ደቂቃ በማይሞላ መጎተት ጣራውን ይነካል፤ ከዚያ ቁልፎቹ ባዶ ወይም ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። «መጀመሪያ ይሠራል፣ ቆይቶ ይበላሻል» የሚል ቅሬታ ከመጣ ታስክ ማናጀር ውስጥ የጂዲአይ ዕቃዎችን ዓምድ ከፍታችሁ መስኮቱን እየጎተታችሁ ተመልከቱ። ቁጥሩ እየወጣ የማይመለስ ከሆነ ጥፋቱ ተገኝቷል። አንድ ቢትማፕ በመሳያው («ዲቫይስ ኮንቴክስት» በሚባለው) ላይ እንደተመረጠ ሊጠፋ አይችልም፤ መጀመሪያ የቀድሞውን መልሳችሁ አስመርጡ፣ ከዚያ አጥፉት።

የመሳል መልእክት ሲመጣም «ቢጊን ፔይንት»ን መጥራት አትርሱ። ያ ካልተጠራ ቦታው «ተስሏል» ተብሎ አይመዘገብም፣ መልእክቱም ሳያቋርጥ ይመጣል። ማንም ሳይነካው ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ሲገጥማችሁ ይህንን ፈትሹ።

በሌሎች የፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያዎችም ስሙ ይለያይ እንጂ ጉዳዩ ያው ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ ቱልባሩ ይዘቱን ከሸፈነው መጀመሪያ የዶክ (ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር የማጣበቅ) ቅደም ተከተሉን እዩ፤ «ፊል» የተባለውን ኮንትሮል ወደ ፊት ስታመጡት መጨረሻ ላይ ይለካና የተረፈውን ቦታ ብቻ ይወስዳል። በጃቫ ስዊንግ ለሚታይ ቱልባር ቁልፍ ከጨመራችሁ «ሪቫሊዴት» ልኬቱን፣ «ሪፔይንት» ሥዕሉን ያድሳል፤ ሁለተኛውን ብቻ መጥራት የተለመደ ስህተት ነው። እዚያው ስዊንግ ውስጥ «ፍሎው ሌይአውት» ቁልፎቹን ወደ ሁለተኛ መስመር ያወርዳል፣ የሚጠይቀው ቁመት ግን የአንድ መስመር ስለሆነ ሁለተኛው መስመር ተደብቆ ይቀራል። በኪውት ደግሞ በ«ሪሳይዝ ኢቨንት» ውስጥ ምንም አትሳሉ፣ የመሳሉ ጥሪ ተከትሎ ይመጣል። ሥዕል ማደስ ሲያስፈልግ «አፕዴት»ን ጥሩ፤ «ሪፔይንት» ከመሳያው ፋንክሽን ውስጥ ከተጠራ ራሱን እየጠራ ሊሽከረከር ይችላል።

የስክሪን ጥራት የብዙ ቱልባር ፈተና ነው። መነሻው 96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያሉ ነጥቦች ብዛት) ነው፣ እሱም 100 በመቶ። 144 ላይ 150 በመቶ፣ 192 ላይ 200 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ 16 ፒክስል የነበረ አይከን 24፣ ከዚያም 32 ይሆናል። መስኮቱ ከአንዱ ሞኒተር ወደ ሌላው ሲጎተት «ደብሊውኤም ዲፒአይ ቼንጅድ» ይመጣል። መልእክቱ ይዞ የሚመጣውን የመስኮት ልክ ተጠቀሙ፣ የአይከኖቹን ዝርዝር በአዲሱ መጠን ለውጡ፣ የቁልፍ መጠኑን ስጡ፣ መጨረሻ ላይ «ቲቢ አውቶሳይዝ» ላኩ። ራሳችሁ የምትስሉ ከሆነ ክፍልፋዩን ተጠንቀቁ። 23 ፒክስል ቁልፍ በ125 በመቶ 28.75 ነው። ክፍልፋዩን ቆርጣችሁ እያንዳንዱን 28 ብትሉት 10 ቁልፎች 280 ይይዛሉ፣ መያዝ የነበረባቸው ግን 287.5 ነው። ስፋቱን ሳይሆን የእያንዳንዱን ቁልፍ መነሻ ከዜሮ ጀምራችሁ አስሉና እሱን አጠጋጉ፤ ስህተቱ አይጠራቀምም።

አልፎ አልፎ ቱልባሩ ራሱን እያሰፋና እያጠበበ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ። ቁልፎቹ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርዱ ለይዘቱ የቀረው ቁመት ያንሳል፣ የዋናው መስኮት ስክሮልባር ይወጣል፣ በ96 ዲፒአይ 17 ፒክስል ያህል ስፋት ይወስዳል፣ ያ ለውጥ ደግሞ ሌላ «ደብሊውኤም ሳይዝ» ያመጣል። መጨረሻ ያሰላችሁበትን መጠን አስቀምጡና ካልተቀየረ ምንም ሳትሠሩ ውጡ። ስሌቱ እየተካሄደ ሳለ ሌላ የመጠን መልእክት ከገባም የመጀመሪያው እስኪያልቅ አታስጀምሩት።

ሥራው አለቀ ከማለታችሁ በፊት መስኮቱን ከአንድ ቁልፍ ስፋት በታች እስኪሆን አጥብቡት፣ በአንድ ምት ሙሉ ስክሪን አድርጉት፣ አውርዳችሁ መልሱት፣ የተለያየ ዲፒአይ ባላቸው ሁለት ሞኒተሮች መካከል ወዲያና ወዲህ ውሰዱት፣ የቁልፎቹን ጽሑፍ በእጥፍ ረዘም አድርጋችሁም ሞክሩት። ይህን ሁሉ ቀዩንና ሰማያዊውን ቀለም ሳታነሱ አድርጉ፤ ቀለሙን የምታነሡት የመጨረሻው ሙከራ ካለፈ በኋላ ነው።