ማርዳ የአንገት ነው ወይስ የራስ?

ጥያቄ፦ የአያቴን ጌጣጌጥ በዝርዝር እየጻፍኩ ነው። ፈርጥ ያለበትን የአንገት ጌጥ «ማርዳ» ይሉታል፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን ሁሉንም «ሐብል» ነው የምንለው። በፀጉር ዙሪያ የሚታሰረውስ ማርዳ ሊባል ይችላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አያትዎ ልክ ናቸው፤ ዝርዝሩንም እርሳቸው በሚጠሩት ስም ይጻፉት። ማርዳ የአንገት ነው፣ ወደ ራስ አይወጣም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብልጣሶር ዳንኤልን ሲያከብረው በአንገቱ ዙሪያ ያደረገለት «የወርቅ ማርዳ» ነው። ፈርዖን ለዮሴፍ ያደረገለት ደግሞ «የወርቅ ዝርግፍ» ይባላል። ሁለቱም የሹመት ክብር ናቸው፤ ስማቸው ግን ዓይን ላይ የሚያመጣው ነገር ይለያያል። ማርዳ አንገትን ይዞራል፤ ዝርግፍ፣ «ዘረገፈ» ከሚለው ግሥ እንደምንሰማው፣ ደረት ላይ ይወርዳል።

ሐብል በግዕዝ ገመድ ነው። ለቀጭኑ ሰንሰለት ደኅና ስም ነው፤ ፈርጥ የተሰካበትን የእናት ቅርስ ሐብል ብሎ ማለፍ ግን የአንጥረኛውን ድካም መካድ ይመስለኛል። ማተብ ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም፤ የብር መስቀል ቢንጠለጠልበትም እንኳ የክርስትና ምልክት እንጂ ጌጥ አይደለም።

ወደ ራስ ስንወጣ ስሙም አብሮ ይለወጣል። ምሳሌ ምዕራፍ 1 «ለራስህ የሞገስ ዘውድ ለአንገትህም ድሪ» ሲል ለራስና ለአንገት የተለያየ ቃል መስጠቱን ልብ ይበሉ። ፀጉር ውስጥ የሚሰካው ወለባ ነው። ዙሪያውን የሚከበውን አክሊል ይበሉት፤ ቃሉ ከግዕዙ «ከለለ»፣ ማለትም ከበበ፣ የመጣ ስለሆነ ለቅርጹ ይስማማዋል። የጋብቻው ተክሊልም የዚሁ ዘመድ ነው። በእናንተ ከተማ ቤተ መንግሥት ደግሞ ሌላ ስም ነበር፦ ራስ ወርቅ። ንጉሥ ሲሾም በሹሙ ራስ ላይ የሚያስርለት የወርቅ ጌጥ ነው። ግሩም ስም ነው፤ ነገር ግን የማዕረግ ስለሆነ ለሙሽራ ጌጥ አልመክረውም።

እንግዲህ የአንገቱን ማርዳ፣ ደረት ላይ የሚወርደውን ዝርግፍ፣ የሚሰካውን ወለባ፣ ፀጉር የሚከበውን አክሊል ብለው ይመዝግቡ። አያትዎ ለአንዱ የተለየ ስም ካላቸው ግን የእኔን ትተው የእርሳቸውን ያስቀድሙ፤ ፈርጡ ምን እንደሆነና ከማን እንደወረሱትም ከጎኑ ይጻፉ።