ውሃውን ቆሞ ማየትና ተከትሎ መሄድ

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ቡና ላይ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ፍሰቱ በጊዜ የማይለወጥ ከሆነ ውሃው እንዴት ይፈጥናል?» መልሱ ቀላል ነው፤ እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ አዋሽን የምንለካው ድልድይ ላይ ቆመን ነበር። ከረንት ሜትሩን፣ ማለትም የውሃ ፍጥነት መለኪያውን፣ በገመድ እናወርድና ከላይ ወደ ታች የጥልቀቱ 0.6 ላይ ስናደርሰው እናቆመዋለን፤ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ጠቅታ ቆጥረን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን። በሒሳብ ሊቁ በኦይለር ስም የሚጠራው ዕይታ ማለት ይኸው ነው፤ አንተ ትቆማለህ፣ ውሃው ያልፍሃል።

የጌጅ (የወንዙ ከፍታ መለኪያ) አንባቢያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሣሪያውን አይወዱትም ነበር። ከኪሳቸው ብርቱካን አይጠፋም፤ የኑራ ኤራ ብርቱካን ያኔ ርካሽ ነበር። ወደ ወንዙ ይወረውሩትና ዳር ዳሩን ይከተሉታል። «እየው፣ ሰፊው ጋ ያዘግማል፣ ጠባቡ ጋ ሲደርስ ይፈተለካል።» የድልድዩ ንባብ ጠዋትም ማታም ያው ሆኖ ብርቱካኑ ግን መንገድ ላይ ይፈጥናል። የልጅቷ መልስ ይህ ነው። ውሃውን ተከትሎ የማየቱ ዕይታ በሌላው የሒሳብ ሊቅ በላግራንዥ ስም ይጠራል እንጂ ሁለቱንም ኦይለር ጽፏቸዋል።

ሽማግሌው ሌላም ይሉ ነበር፦ ከቆቃ ግድብ ውሃ ሲለቀቅ፣ ከግድቡ በታች ወንጂ ላይ ጌጁ ከፍ የሚለው አብሮ የተለቀቀው ብርቱካን ሳይደርስ ነው። «ተከትለን ወርደን እንየው» አሉኝ። አለቃችን «ውሃ ተከትሎ ለሚዞር አበል አልፈርምም» አለ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ፤ ቀጥሎ የሰማሁት መርዷቸውን ነው። ትክክል ነበሩ እኮ! የወንዝ ፍጥነት ማስያ የሆነውን የማኒንግን ቀመር ለሰፊ ወንዝ ብታሰሉት፣ የጎርፍ ሞገዱ ከውሃው አማካይ ፍጥነት 5/3 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። የሚንቀሳቀሰው ከፍታው ነው፤ ውሃው ራሱ ኋላ ይቀራል። ይህን ድልድይ ላይ የቆመ ሰው አያየውም።

እናንተ ወጣቶች፣ ሒሳብ አጥኑ አልላችሁም፤ እሱን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የሚያናድደኝ እግራችሁን ውሃ ሳይነካው ኮምፒውተር ላይ የወንዝ ሞዴል ማስኬዳችሁ ነው። ሁሉ ነገር ስልክ፣ ስልክ! ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ስልክ ጂፒኤሱን ከፍታችሁ ጠርሙስ ውስጥ ብታሽጉትና ብትለቁት ከብርቱካኑ ይበልጣል፤ የሄደበትን ሁሉ ይመዘግብላችኋል። ጠርሙሱ ውስጥ ጠጠር ጨምሩበት፣ አብዛኛው አካሉ ይስመጥ፤ አለበለዚያ የምትለኩት የአዳማን ነፋስ ነው። የምታገኙት የላዩን ፍጥነት ስለሆነ ለአማካዩ በ0.85 አባዙት። አበሉን እንኳ ከራሳችሁ ኪስ ቻሉት።