እንግዳ ላይ የሚዘለው ቡችላ

ጥያቄ፦ የ5 ወር ቡችላ አለኝ። ለቡና የመጣ ሰው ሁሉ ላይ ይዘላል። ባለፈው ጎረቤቴ እማማ ውዱእ አድርገው ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ላሰባቸውና አፈርኩ። ወንድሜ «ቀን ቀን እሰሪው፣ ሲዘል በዱላ በይው» ይለኛል። ምን ላድርግ? — ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ በዚህ ዕድሜው ይታረማል። ዱላውን ግን ተይው። እኔ በልጅነቴ ቡቺን እየመታሁ ነው ያበላሸሁት፤ በኋላ እጅ ሲነሳ ባየ ቁጥር ፈርቶ ይናከስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውልም ቁጡ ይሆናል።

የሚዘለው እዩኝ ብሎ ነው። መጮህም መግፋትም ለእሱ ጨዋታ ነው። ሲዘል ጀርባሽን ስጪው፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው ቁራሽ ዳቦ አቅምሺው። ከዘገየሽ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከቡና ጠጪዎቹ አንዷ ሲዘልባት እየሳቀች የምታሻሸው ከሆነ ግን ልፋትሽ ገደል ገባ፤ ቀድመሽ ንገሪያት። እስኪለምድ ረከቦቱ ሲቀርብ በገመድ አጠገብሽ ያዢው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልወሰደ ነገ ዛሬ ሳትዪ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ «ጭረት ናት» ብሎ መተው የለም።