ስለ ግራፊን ኤሮጀል ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከሰሞኑ ስለ ግራፊን ኤሮጀል ብዙ እየተወራ ስለሆነ የጠየቃችሁኝን እዚሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ኤሮጀል ምንድን ነው?

መልስ፦ ጄል በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወጥቶ አየር ሲተካበት፣ ቅርጹም ሳይፈርስ ሲቀር ኤሮጀል ይባላል። ሳሙኤል ኪስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1931 እ.ኤ.አ. ከሲሊካ ሠርቶ አስተዋወቀው። በግራፊኑ ግን ግድግዳዎቹ እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፎች ናቸው። ታንኳ የምንሠራበት ደንገልም የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስለቋጠረ ነው፤ የኤሮጀሉ ቀዳዳዎች ግን በዓይን አይታዩም።

ጥያቄ፦ ከአየር ይቀላል ይላሉ። ታዲያ ለምን አይበርም?

መልስ፦ በ2013 እ.ኤ.አ. የቻይናው ዠጅያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.16 ሚሊግራም የሚመዝን ሠርተዋል። የሂሊየም ጋዝ 0.18 ገደማ ነው፤ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የእኛ አየር ደግሞ ወደ 1 ሚሊግራም ይጠጋል። ነገር ግን 0.16 የተባለው ጠጣሩ ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹን የሞላው አየር ሲጨመር ክብደቱ ከዙሪያው አየር ይበልጣል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ማቆሚያው አካባቢ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አያለሁ። ይህን ያነሳዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ውሃ አያረጥበውም፣ ዘይት ግን ይጠጣል። ከላይ ያልኩት ኤሮጀል የክብደቱን እስከ 900 እጥፍ መያዝ ችሏል። ሲጨመቅ ተመልሶ ስለሚነፋ ዘይቱን አውጥቶ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ዋጋው ግን ገና ለጀልባ ማቆሚያ የሚሆን አይደለም። እስከዚያ ሞተር ስትፈታ ከሥሩ ትሪ አድርግ፣ የተቃጠለውንም በጀሪካን አጠራቅም። ሐይቁ ውስጥ ያልገባ ዘይት መጥረጊያ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ እምቦጭንስ ያጠፋልናል?

መልስ፦ አያጠፋም፣ እህቴ። እምቦጭን የሚያፋፋው ጎርፍ ከማሳ ጠርጎ የሚያመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እነዚህ ውሃው ውስጥ የሟሙ ስለሆኑ ዘይት የሚጠጣ ነገር አይይዛቸውም። ተስፋችንን እዚህ ላይ ብንጥል ጣና ይጎዳል፤ መፍትሔው ያለው ተፋሰሱ ላይ ነው። ከዕፅዋት ሴሉሎስ የካርቦን ኤሮጀል መሥራት ይቻላል፤ የታጨደ እምቦጭ ግን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ማድረቁ ራሱ ከባድ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ለባትሪ ይሆናል?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍና የገጽ ስፋቱ ትልቅ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅመው ሱፐርካፓሲተር ይፈለጋል። ሱፐርካፓሲተር ቶሎ ይሞላል፣ የሚይዘው ኃይል ግን ከሊቲየም ባትሪ ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤት ውስጥ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ አደራህን፣ እንዳትሞክር። ግራፋይትን፣ ማለትም እርሳስ ውስጥ ያለውን ካርቦን፣ የጄሉ መነሻ ወደሆነው ግራፊን ኦክሳይድ ለመለወጥ የተለመደው መንገድ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይጠይቃል፤ ሙቀቱ ካመለጠህ ይፈነዳል። ቀጥሎ በታሸገ ዕቃ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሰዓታት ይሞቅና ጄል ይሆናል። ዋናው ጥበብ ግን ማድረቁ ላይ ነው። እንዲሁ ፀሐይ ላይ ብታሰጣው፣ ውሃው ሲሸሽ ግድግዳዎቹን እርስ በርስ ስቦ ያጣብቃቸዋል፤ ጄሉም ይኮማተራል። ስለዚህ በረዶ እስኪሆን ያቀዘቅዙትና አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ (ቫኪዩም) ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን እንዲለወጥ ያደርጋሉ። አንተ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ጥጥ፣ ስፖንጅና የደረቀ ደንገል ውሰድ። እያንዳንዳቸውን መዝን፣ የምግብ ዘይት ውስጥ ንከር፣ አንጠፍጥፈህ እንደገና መዝን። የክብደታቸውን ስንት እጥፍ እንደጠጡ አስልተህ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።