ከግጭት በኋላ «ምንም አልሆንኩም» ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ቡና ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ሲስተር፣ አቶቴ ጋ ባጃጅ ከነሳይክሌ ገጨኝ። ሹፌሩ ይቅርታ ብሎ ለሳይክሉ ማሠሪያ ብር ሰጠኝ፤ ተስማማንና ተለያየን። ጥሩ አላደረግኩም?» ነገሩን በሰላም በመጨረሱ እንድመርቀው ፈልጎ ነው። እኔ ግን ቀድሞ ከአፌ የወጣው «ሆድህን አሳየኝ» የሚል ነው። ክርኑ ከመላላጡ በቀር ደህና ነበር። ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በነርስነት ነው ያረጀሁት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ልጅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሳይክሉ የኪራይ ነበር። ያኔ ባጃጅ ከተማውን አልሞላውም፤ ሳይክል በሰዓት ይከራያል። ቅዳሜ ከሰዓት ከፒያሳ እስከ ሐይቁ መንገዱ ልጅ በልጅ ይሆን ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅማ፣ ቆሞ የሚያሳልፈው መኪናው ነበር። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ሳይክል ይስማማታል። ብቻ ወደ ልጁ ልመለስ።

አንድ ፒክአፕ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ነካ አደረገው። ፍጥነትም አልነበረውም። የሳይክሉ የፊት ጎማ ዞረ፤ መሪው ወደ ልጁ ተመልሶ ጫፉ ከግራ ጎድኑ ሥር ወጋው። የመሪው ጫፍ ላስቲክ የለውም፣ ባዶ ብረት ነው። ልጁ ወዲያው ተነሳ። «ምንም አልሆንኩም» አለ። ሰው ተሰብስቦ አስማማ፤ ሹፌሩ ለሳይክሉ ከፍሎ ሄደ። ልጁን ያስጨነቀው ሆዱ አልነበረም፤ የተጣመመው ሳይክል ነበር። ለእናቱ አልነገራትም። ማታ ራት አልበላም። ግራ ትከሻዬን አመመኝ ሲል፣ ሲጫወት ውሎ ነው ብላ አሸችው።

ወደ እኛ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት፣ አባቱ አዝሎት ነው። ከንፈሩ ነጥቷል። ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። የልብ ምቱ እጄ ላይ ይሮጣል፣ ግን ደካማ ነው። ልብሱን ስገልጠው ያየሁት የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ክብ ሰንበር ብቻ ነው። ጣፊያው ተቀዶ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ሲደማ አድሯል። ሐኪሞቹ ጊዜ ሳያጠፉ ቀዶ ሕክምና አስገቡት። አልተረፈም።

እናቱ «ትከሻዬን ነው ያለኝ፣ ትከሻዬን ነው ያለኝ» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ከጣፊያ የሚፈሰው ደም ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ፣ ሲነካው ሕመሙ የሚሰማው ግራ ትከሻ ላይ ነው። የጤና ባለሙያ ካልነገራት በምን ታውቃለች? እኔን የሚቆጨኝ ጊዜ ስለነበረው ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ። መንገድ ላይ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ገንዘቡ ይቆይ፣ ልጁ ይታይ» ቢል ኖሮ ዛሬ የልጆች አባት በሆነ ነበር።

ሄልሜት አድርጉ፣ ማታ መብራት ይኑራችሁ እያልኩ አላደክማችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች በሁለት ጆሯችሁ ኢርፎን ሰክታችሁ መሀል አስፋልት ስትነዱ ግን ደሜ ይፈላል። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚቆመው፤ በምን ትሰሙታላችሁ? ደግሞ ዛሬ ሰው ሲወድቅ ከእጅ በፊት ስልክ ይወጣል። ድሮ እንዲህ አልነበረም እላለሁ ሁልጊዜ። ግን ያንን ልጅ አስማምቶ የሸኘው የድሮ ሰው ነው። እናንተ ቢያንስ ታርጋውን ፎቶ ታነሳላችሁ።

እርቅ አልጠላም። ግን መንገድ ዳር በብር ስትለያዩ ፖሊስ አያውቅም፣ መድን ድርጅትም አያውቅም። በሕግ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ተጎጂም አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ኋላ ሕመሙ ሲብስ በእጃችሁ ማስረጃ ከሌለ ማንን ትይዛላችሁ? ስለዚህ ፖሊስ መዝግቦት፣ ሐኪም አይቷችሁ፣ ከዚያ ታረቁ።

ሳይክል አከራዮችም ይህን ካነበባችሁ፣ የመሪውን ጫፍ ላስቲክ አልብሱት። ብዙ ወጪ አይደለም።

የወጣት ሰውነት ያታልላል። ደም እየፈሰሰም የደም ግፊቱ ለሰዓታት ደህና መስሎ ይቆያል፣ ከዚያ በአንዴ ይወርዳል። ጣፊያ ከቀናት በኋላም ሊፈነዳ ይችላል። ሆዳችሁን ተመትታችሁ ሆዳችሁ ወይ ግራ ትከሻችሁ ካመማችሁ፣ ስትቆሙ ካዞራችሁ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ «ከሳይክል ወደቅኩ» ብቻ አትበሉ። «መሪው ሆዴን ወጋኝ» በሉ፣ ቦታውን በጣታችሁ አሳዩ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ተናገሩ።