የወፍ ማገገሚያ ሥራ፦ በየት በኩል ልግባ?

የባዮሎጂ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የተጎዱና ባለቤታቸው የተዋቸው ወፎች በሚያገግሙበት ማዕከል መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ ወደ እንስሳት ሕክምና ልዛወር ወይስ ባለሁበት ልቀጥል ስትዪም ጠይቀሻል።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ የጫጩት ወቅት በበጎ ፈቃድ ሥሪ። ቀኑ በአብዛኛው የሚያልቀው በማጽዳት፣ ምግብ በመክተፍና በመመዘን ነው። ጽዳቱን እንደ ተራ ነገር አትዪው፤ እርጥብ ጭድ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የወፍን ሳንባ ያጠቃል፣ ውፍረታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ጠንካራ ቆጦችም የእግሩን መዳፍ ያቆስላሉ።

ዋናው ችሎታ ግን ወፉ በመጣባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት የሚታይ ነው። ቅደም ተከተሉ ሙቀት፣ ፈሳሽ፣ ከዚያ ምግብ ነው። የደከመ ወፍ አየር በሚያስገባ ጨለማ ሣጥን፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ውስጥ ይቀመጣል። ለቀናት የተራበውን ወዲያው ማጥገብ የደሙን ማዕድናት አዛብቶ ሊገድለው ይችላል። ውኃ በምንቃሩ ማንጠባጠብም ክልክል ነው፤ የአየር ቧንቧው አፍ ከምላሱ ሥር ስለሆነ ውኃው በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። ስትይዢው ደረቱን አትጫኚ። ወፍ ድያፍራም ስለሌለው የሚተነፍሰው የደረቱን አጥንት በማንቀሳቀስ ነው፤ አጥብቆ የያዘው ሰው ሳያውቅ ያፍነዋል። ድመት የያዘችው ወፍ ቁስል ባይታይበትም በዚያው ቀን ሐኪም አንቲባዮቲክ ሊያዝለት ይገባል። የተሰበረ ክንፍ ፋሻው ሳይፈታ ብዙ ከቆየ የክንፉ ቆዳ ይኮማተራል፤ አጥንቱ ቢጠገንም ወፉ አይበርም።

ሚዛኑን በግራም ማንበብ ልመጂ። 30 ግራም የምትመዝን ወፍ 3 ግራም ስትቀንስ አንድ አሥረኛዋን አጣች ማለት ነው፤ ላባዋ ግን ይህን ይሸፍነዋል።

ባለቤታቸው የተዋቸው በቀቀኖች ሌላ ሥራ ናቸው። ከሌሎች ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት ለሳምንታት ተለይተው ይቆያሉ፤ የደረቀ ኩሳቸው ብናኝ ሰውንም የሳንባ በሽታ ስለሚያስይዝ ማስክ ግዴታ ነው። የሱፍ ፍሬ ብቻ ሲበሉ ያደጉት በቫይታሚን ኤ እጥረት ተጎድተው ይመጣሉ። ዓላማው መልቀቅ ሳይሆን ቤት ማግኘት ነው፤ ትልልቆቹም አሥርት ዓመታት ይኖራሉ።

ወደ ጥያቄሽ ስንመለስ፦ መመርመር፣ መድኃኒት ማዘዝና ቀዶ ሕክምና የሐኪም ብቻ ነው፤ ልብሽ እዚያ ከሆነ ተዛወሪ። ማሳደግ፣ ለበረራ ማዘጋጀት፣ መልቀቅና መዝገብ መያዝ ከሆነ ባዮሎጂው ይበቃል። በዚህም ሆነ በዚያ፣ የማይድን ወፍ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ሲወሰን አጠገቡ መቆም ይጠበቅብሻል። በቤትሽ አትለማመጂ፤ በብዙ አገሮች የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝ ሕገወጥ ነው።

በቃለ መጠይቅ ላይ "መሬት ላይ የተገኘ ጫጩት ቢመጣልሽ ምን ታደርጊያለሽ?" ተብለሽ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ላባ አብቅሎ የሚዘል ከሆነና ካልተጎዳ ወላጆቹ ብዙ ጊዜ ቅርብ ናቸው፤ ያመጣው ሰው ወደነበረበት እንዲመልሰው ንገሪው።