ዋልካ ላይ ቤት ለምትሠሩ ልጆች

«ጂ ፕላስ ዜሮ፣ ፎቅ የሌላት ቤት ናት እኮ ጋሼ፣ ለእሷ ደግሞ የአፈር ምርመራ?»

ይህን ሳልሰማ የወጣሁበት ሳይት ትዝ አይለኝም። የሚለኝም ክፉ ሰው አይደለም። ዕቁብ ጥሎ፣ ተበድሮ፣ ከአረብ አገር እህቱ የላከችለትን ጨምሮ ቤት ሊያቆም የተነሣ ወጣት ነው፤ አንዳንዴም ዲግሪውን ይዞ ገና ሳይት የገባ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡ ትንሽ ቤት ትንሽ ጭነት አለው፣ ለትንሽ ጭነት ደግሞ ትንሽ መሠረት ይበቃል የሚል ነው። በእንጦጦ ግርጌ፣ ቀይ አፈር ላይ ቢሆን ብዙም አልከራከረውም። ወደ ቦሌ፣ ሰሚት፣ አቃቂ፣ ለቡ እና ጀሞ ስንወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዋልካ፣ በጥቁሩ ሸክላ አፈር ላይ፣ አብዝቶ የሚጎዳው ቀላሉ ቤት ነው።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ጥቁሩ አፈር ውስጥ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ፤ ቅንጣቶቹ በስስ ንብርብሮች የተሠሩ ናቸው፤ ውሃ በንብርብሮቹ መሀል ሲገባ ይራራቃሉ፣ ሲወጣ ይጠጋጋሉ። ያበጠ ዋልካ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር 20 ቶንና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ፎቅ የሌለው የብሎኬት ቤት ግን መሠረቱን የሚጫነው በዚያው ስፋት በጥቂት ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ይነሣል። እኩል ቢነሣ ኖሮ ማንም ባላወቀ ነበር። ክረምት ሲገባ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይጠጣል፣ ከወለሉ ሥር ያለው ደርቆ ይቆያል፤ በበጋ ደግሞ ዳሩ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል። በኅዳር እሺ ብሎ የሚዘጋ በር በነሐሴ አልዘጋም ይላል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ ወደ ጣሪያው ሰያፍ ይሄዳል፤ ባለቤቱ በየዓመቱ ጄሶ ያስሞላል።

አገሩ ይህን አፈር አያውቀውም እንዳትሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል መሬት ይህ ጥቁር አፈር ነው። የሰሜን ሸዋው የእነዋሪ ገበሬ እኮ ውሃው ሰብሉን እንዳያሰምጥበት ቤተሰቡን ይዞ በእጁ መደብ እያወጣ፣ ቦይ እየከፈለ ሲያፋስስ ኖሯል። ከተማ ገብተን ኮንክሪት ስንይዝ ነው ውሃውን የረሳነው።

የዋልካው ማበጥና መክሰም የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው፤ ዝግ ያለ፣ በክረምትና በበጋ የሚፈራረቅ። ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ደግሞም ወደ ጎን ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባሉት ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሞ፣ የካቲት 7 ማታ መጠኑ 6.0 የደረሰው መጣ። አዲስ አበባ ላይም የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደጅ የወጣባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ለእናንተ አዲስ ነገር ሆነባችሁ፤ አዲስ ግን አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በወሎ መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ በተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፤ በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ወድማለች። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው።

የአገሪቱ የሕንፃ ዲዛይን ደንብ፣ ኮዱም፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከበድ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ መንቀጥቀጡን ያሰላው በ100 ዓመት ምልልስ፣ ማለትም በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ይደርሳል ተብሎ በሚገመት ንዝረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደግሞ በ475 ዓመት ያሰላዋል። የአዲስ አበባ ቁጥር (የመሬቱ ፍጥንጥነት ከስበት ጋር ሲነጻጸር) ከ0.05 ወደ 0.1 ከፍ ያለውም በዚሁ ነው። በግርድፉ ሲተረጎም፣ ጠንካራ ዓለት ላይ የቆመ የ100 ቶን ቤት በ10 ቶን ኃይል ወደ ጎን ቢገፋ መቋቋም ይጠበቅበታል እንደማለት ነው። ለስላሳ ሸክላ ላይ ሲሆን ግን ቁጥሩ እዚያ አይቆምም፤ ሸክላው ንዝረቱን ያጎላዋል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ መተሐራ ያላችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባው በላይ አስቡ። አሮጌውን ኮድ ይዞ ዲዛይን የሚገለብጥ ቢሮ ካጋጠማችሁ ሒሳባችሁን ዘግታችሁ ውጡ።

እንግዲህ ብዙ ወጣት መሐንዲስ የሚሳሳተው መሠረትን መሬቱ እንዳይነቃነቅ መከልከያ አድርጎ ሲያስበው ነው። መሬቱን ማንም አይከለክለውም። የመሠረት ሥራ ቤቱ ሲነሣም ሲወዛወዝም አንድ አካል ሆኖ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የአያቶቻችን ጭቃ ቤት መንቀጥቀጥን የሚቋቋመው ጠንካራ ሆኖ አይደለም፤ ቀላል ስለሆነና ማገሩ ዙሪያውን ስላያያዘው ነው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግንብ ግን ከባድ ነው፣ የሚያያይዘውም የለም፤ ሲመጣበት ይዘረገፋል።

ወደ ጉድጓዱ እንውረድ። ከምንም በፊት ቦታው ላይ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ በተቃራኒ ማዕዘን፣ 3 ሜትር ያህል አስቆፍሩ። አንዱ ጥግ ላይ ዓለቱ በ1 ሜትር ተኩል ተገኝቶ ሌላው ጥግ ላይ ዋልካው ታች ድረስ የሚሄድበት ቦታ ብዙ ነው፤ ግማሹ ዓለት ላይ፣ ግማሹ ዋልካ ላይ የቆመ ቤት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከዚያ አፈሩን ላቦራቶሪ ላኩ። ላቦራቶሪው የሚሠራውን አንዱን ምርመራ ግን እናንተም በዓይናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። አፈሩ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፤ ከእሱ 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ፣ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ምልክት ባለው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመራል፤ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። በማግስቱ ታች የተኛው አፈር ከ20 ሚሊ ሊትር መስመር ካለፈ ከእጥፍ በላይ አብጧል ማለት ነው። ያንን ብርጭቆ አንድ ጊዜ ያየ ባለቤት «ለእሷ ደግሞ ምርመራ» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ዋልካው ጥልቅ ካልሆነ፣ 2 ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ አውጡትና መሠረቱን ከሥሩ ካለው ጠንካራ ነገር ላይ አሳርፉ። ከፉቲንጉ (ምሰሶው ከሚያርፍበት ኮንክሪት) ሥር ብቻ አይደለም የማወራው፤ ከወለሉም ሥር። ዙሪያው በሚገባ ተሠርቶ ሳሎኑ መሀል ለመሀል ያበጠበትን፣ የመኝታ ቤቱ ክፍልፋይ ግድግዳ ከሥሩ ተገፍቶ የተሰነጠቀበትን ቤት ቁጠር ብትሉኝ አልጨርሰውም። በወጣው ፋንታ ገረጋንቲ (ለሙሌት የሚመረጥ አፈር) ሲሞላ በ20 ሳንቲም በ20 ሳንቲም እየተነጠፈ፣ ልኩን ጠብቆ እየረጠበ በኮምፓክተር ይመታል። ገልባጩ መኪና አንድ ጊዜ ዘርግፎት ከላይ ብቻ የተረገጠ ሙሌት በራሱ ጊዜ ይሰምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለኝ። ከተማችን ውስጥ ቀይ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሁሉንም ያድናል የሚል እምነት ሰፍኗል። ቀይ አሽ አያብጥም፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃ እንደልቡ ያሳልፋል። ዙሪያውን ዋልካ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ቀይ አሽ ሞልታችሁ መውጫ ካልሰጣችሁት ክረምት ላይ ከቤታችሁ ሥር ኩሬ ሠራችሁ ማለት ነው፤ ያ ውሃ ደግሞ የጎኑንና የታቹን ዋልካ ያጠጣዋል። ወይ ውሃ የማያሳልፍ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ምረጡ፣ ወይ ወደ ዝቅተኛው ጎን ማፋሰሻ አውጡለት።

ዋልካው ማለቂያ ከሌለው ለትንሽ ቤት የምመርጠው ማት (የቤቱን ስፋት ሁሉ የሚሸፍን አንድ ወጥ የኮንክሪት መሠረት) ነው፤ ከሥሩ በሁለቱም አቅጣጫ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) የወረደበት፣ ፌሮው ከላይም ከታችም የገባበት። ሲያብጥ ሲከስም ቤቱ ልክ ጣና ላይ እንዳለ ታንኳ አንድ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ለጂፕሰም ጣሪያና ለሴራሚክ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለጊዜው ብታቆዩት ልዩነቱን ይሸፍናል፤ ሴራሚክ በኋላም ይነጠፋል። ፉቲንግ ይሁንልኝ ካላችሁ ግን ሁሉም ፉቲንጎች በሁለቱም አቅጣጫ በቢም መታሰር አለባቸው። ይህን መንቀጥቀጡም ይፈልገዋል፤ ያልታሰሩ ፉቲንጎች መሬቱ ሲወዛወዝ በየፊናቸው ይሄዳሉ። ግሬድ ቢሙ (ፉቲንጎቹን መሬት አጠገብ የሚያስረው ቢም) በቀጥታ ዋልካ ላይ አይተኛ፤ ከሥሩ ማበጫ ክፍተት ይቅርለት። ግንበኛው ያንን ክፍተት በጠጠር ደፍኖ «አጠናከርኩት» እንዳይላችሁ ቁሙበት።

ጉድጓድ ተቆፍሮ አይደር። ዋልካ ሁለት ቀን ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል፣ አንድ ማታ ዝናብ ከጣለበት ጭቃ ነው። የመጨረሻውን 20 ሳንቲም ሳትቆፍሩ ቆዩና ሊን ኮንክሪቱ (ከፌሮው በፊት ከሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) በሚሞላበት ቀን አውጡት። ሊን ኮንክሪት ካለ ፌሮው ከታች 4 ሳንቲም ሽፋን ይበቃዋል፤ አፈር ላይ በቀጥታ ከተሞላ ግን 7 ተኩል ያስፈልገዋል። ፌሮውን ከታች ከፍ አድርጎ የሚይዘው ስፔሰር የሲሚንቶ ይሁን፤ የብሎኬት ስባሪና የእንጨት ቁራጭ አትቀበሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ስታፋውን፣ የቆመውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት፣ ሄዳችሁ እዩ። የኮለን (የምሰሶ) ስታፋ ጫፉ 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሽፋኑ ይረግፍና ይከፈታል፤ የቆመው ፌሮ ወደ ውጭ ይቆለመማል። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ እምብርት መግባት አለበት። ከፉቲንጉ በላይና ከቢሙ በታች ባሉት ጫፎች ደግሞ ስታፋው ይቀራረባል፤ መሀል ላይ ይራራቃል። ፌራዮው ይህን ሲሠራ ጣቱን ያመዋል፣ ጊዜውንም ይበላበታል፤ ስለዚህ ካልቆማችሁ አያጥፈውም። በሥራው አትቆጡት፣ ለዚያ ሥራ ጨምራችሁ ክፈሉት። ውጭ አገር ሆናችሁ በስልክ የምታሠሩ ልጆችም፣ ወንድማችሁን «ቤቱ የት ደረሰ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ፌሮው ታስሮ ካለቀ በኋላ፣ ኮንክሪት ሳይሞላ፣ ሜትር አስደግፎ የስታፋውን መታጠፊያ ከቅርብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት። ከተሞላ በኋላ የሚላክ ፎቶ ምንም አያሳይም።

ስለ ኮንክሪቱ ብዙ አልልም፤ ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። በሣጥን ለኩ፣ ውሃ አታብዙ፣ ቫይብሬተር ተጠቀሙ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን አጠጡ። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብላችሁ ግድግዳውን ሁሉ ከፍታችሁ ከላይ ከባድ ፎቅ የምትጭኑም ያንን ክፍት ምድር ቤት በመንቀጥቀጥ ስሌት ለብቻው አሠሩት።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ የውሃ ነው። አሸንዳ ግጠሙ፣ የአሸንዳው ውሃም ግድግዳው ሥር እንዳይወርድ እስከ ዲቹ (የውሃ መውረጃ ቦዩ) በቱቦ ይሂድ። ዙሪያውን ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ንጣፍ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይሠራ። የውሃ ታንከሩ ከተንጠባጠበ ዛሬውኑ አስጠግኑት፤ አንድ ጥግ ብቻ ዓመቱን ሙሉ እየረጠበ ቤቱ ዘመመ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ ቁመቱን ያህል ይራቅ፤ በጋ ላይ አፈሩን መጥጦ ያደርቀዋል። ቦታው ላይ ትልልቅ ባሕር ዛፍ ቆርጣችሁ የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ክረምት አሳልፉ። ለዓመታት የደረቀው አፈር ውሃውን መልሶ ሲጠጣ የሚያብጠው እናንተ ቤቱን ከሠራችሁ በኋላ እንዳይሆን።

ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያው አታስደፍኑ። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አሥምሩ፣ አጠገቡ ቀኑን ጻፉ፤ በመስከረምም በሚያዝያም ተመልሳችሁ እዩት። ክረምት ተከፍቶ በጋ የሚጠብብ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ጉዳዩ የዋልካው ነው፤ አስቀድማችሁ ውሃውን ፈልጉ። ከመንቀጥቀጥ በኋላ በአንድ ሌሊት የወጣና ግድግዳው ላይ እንደ መስቀል የተላለፈ፣ ወይም ኮለን ከቢም በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ኮንክሪቱን ያራገፈ ከሆነ ግን እርሳሱን ተዉት። ልጆቹን አውጡ፣ መሐንዲስ ሳያየው ማንም እዚያ ቤት ውስጥ አይደር።